የአማቴ ግራ ትከሻ

ጥር 6 ቀን 2015
ስልጠናው ተጀመረ። እዚህ አምቦ ፍልውሃው አጠገብ የሚከፈተው ማሳጅ ቤት ያለ ምስክር ወረቀት አልቀጥርም ባይል ኖሮ... በዚህ ዕድሜዬ ደብተር! አሰልጣኙ ሌንጮ ከካቺሲ የመጣ ጎረምሳ ነው፤ በዕድሜ ልጄ ይሆናል። የመቀመጫችን ትልቁ ጡንቻ ግሉቲየስ ማክሲመስ ይባላል አለን። የንጉሥ ስም ይመስላል። ስንት ዘመን ንጉሥ ላይ ተቀምጬ ኖርኩ?

ጥር 9
ለፈተናው የሚታሽ ሰው ይዛችሁ ኑ ተባልን። ሌሎቹ ባል አላቸው። እኔ ያሉኝ አማቴ ብቻ። ባሌ ገለታ ከሞተ በኋላም እንደ ድሮው አንድ ጣሪያ ሥር ነን፣ ከ"ጨው አለ?" ያለፈ ግን አናወራም። ፈራ ተባ እያልኩ "ሀርሜ፣ ጀርባዎን ልሽልዎት?" አልኳቸው። በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው፤ ሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም።
"ልትገድዪኝ ካሰብሽ መርዙን ወጡ ላይ ጨምሪው። ልብሴን ምን አስወለቀሽ?"
አወለቁ ግን።

ጥር 14
የጡንቻዎቹ ስሞች አልያዝ አሉኝ። በማርከር ጀርባቸው ላይ ጻፍኳቸው። ትራፒዚየስ... ዴልቶይድ... ላቲሲመስ ዶርሲ። ቦታ ሞልቷል፣ ተመስገን።
ግራ ትከሻቸውን ዛሬም ዘለልኩ።
"ኢንታሎ፣ ግራዬ የእንጀራ ልጅ ነው እንዴ?" አሉ። አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው።
ወደ ቀኙ ተመለስኩ። ምን ልበላቸው? በሞተበት ምሽት ገለታ ግራ ትከሻዬን እሺልኝ ብሎኝ ነበር ልበል? መጽሐፍ ይዤ ነበር። ይህን ምዕራፍ ልጨርስ አልኩት። ምዕራፉ ሳያልቅ እሱ አለቀ።

ጥር 16
ማርከሩ በውሃ አይለቅም ለካ። ሀርሜ ፍልውሃ ገብተው ሴቱ ሁሉ ጀርባቸውን ሲያነብ ዋለ። ጎረቤታችን ፋንቱ ጮክ ብላ አነበበች አሉ። አንዷ ጠንቋይ ጋ ሄደዋል ብላ አወራች፤ ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ የጸሎት ቡድናቸው ጋ ደረሰ።
አያናግሩኝም። በፊትም እምብዛም አያናግሩኝም ነበር፤ ይኸኛው ዝምታ ግን ሳህን ያንኳኳል። ለፈተናው ማንን ልውሰድ?

ጥር 19
ዛሬ ስለማይታሽ ሰው ተማርን። ሳይወድቅ ሳይመታ ደረቱ የሚጨንቀው፣ ግራ ትከሻውን የሚያመው... ልቡ ሊሆን ይችላል፣ እጃችሁን አንሱና ወደ ሐኪም ቤት ላኩ አለ ሌንጮ።
ባሸውም አይድንም ነበር ማለት ነው? ወይስ መጽሐፉን አስቀምጬ ፊቱን ባየው ኖሮ...? ልጠይቅ እጄን አነሳሁ። ሌንጮ አየኝ። ራሴን አከክኩበት።

ጥር 23
የፈተናው ቀን። ስነሳ ሀርሜ ነጠላቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል።
"ፋንቱ አሳስታ ነው ያነበበችኝ። ዛሬ የሚያውቅ ያንብበኝ።"
ባጃጅ ውስጥ ደረታቸውን ያዙ። ወደ ግራ ትከሻዬ ይወጋኛል አሉ። ባጃጁን ወደ ሆስፒታል አስዞርኩት። ፈተናሽስ አሉኝ። ይቅር አልኩ።
ተመረመሩ። ልባቸው ከእኔ ይሻላል። ሐኪሙ ጨጓራ ነው አለ። በአማቴ ጨጓራ ፈተና ወደቅሁ! ልስቅ ስል ዞር ብዬ አየኋቸው። እያለቀሱ ነው።
"ገለታ ያን ቀን ትከሻዬን አመመኝ አለኝ። ጨጓራ ነው ብዬ ተልባ አጠጣሁት።"
እኔንም እሺልኝ ብሎኝ ነበር አልኳቸው። ወጣልኝ።
"አውቃለሁ" አሉ። "ሰምቻችኋለሁ።"
ግድግዳችን ስስ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት በአንድ ግድግዳ ወዲህና ወዲያ ሆነን... ምነው አልጮሁብኝም? ያጠጡት ተልባ አፋቸውን ይዞት ነው።

የካቲት 2
ሌንጮ በሚቀጥለው ዙር ትፈተኛለሽ አለኝ።
ማታ ሀርሜ ሳልጠራቸው መጥተው በደረታቸው ተኙ። ማርከሩን ራሳቸው አቀበሉኝ። ፋንቱ መነጽር እንዳትፈልግ በትልቁ ጻፊው አሉ። ከቀኝ ልጀምር ስል "ከግራ" አሉ።
ጀመርኩ። የትከሻቸው አጥንት እንደ ገለታ ወጣ ያለ ነው። እስከዛሬ አላየሁትም።
አሁን ያንኮራፋሉ። መጽሐፌ እንደተገለጠ ወንበሩ ላይ ነው፤ ምዕራፉ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ይቆይ። ትከሻቸው አልላላም ገና።