ግብሬን ለቨርጂኒያ፣ እንቅልፌን ለሜሪላንድ

ለተከበረው የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ነዋሪነት አጣሪ ቢሮ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የተፈቀደልን ነዋሪነት እንዲሰረዝልን ስለመጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ በየመስኮታችሁ ይድረሳችሁ። ወንበራችሁ ለወገባችሁ የሚመች፣ የምሳ ሰዓታችሁ ረጅም፣ ሰልፈኛችሁ አጭር እንዲሆንላችሁ፣ «ጥያቄዎ ደርሶናል» እያለ ሳይታክት የሚመልሰው ኮምፒዩተራችሁም የማቱሳላን ዕድሜ እንዲያገኝ ከልቤ እመኛለሁ። የዩኒቨርሲቲያችሁን ስም በአደባባይ ያልጠራሁት ለክብራችሁ ስል ነው፤ እናንተም የእኔን ስም በትክክል ጠርታችሁት ስለማታውቁ ተቻችለናል።

ስሜ ንጋቱ ወልደአምላክ ይባላል። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የምሠራ፣ ብሩክታይት የምትባል የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አባት ነኝ። እናቷ እንግዳወርቅ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ያለነው ሁለት ብቻ ነን። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌን እንደ ንቀት እንዳትቆጥሩብኝ። በእንግሊዝኛ አራት ጊዜ ጽፌ አራቴም ያንኑ አንድ መልስ ስላገኘሁ፣ ቋንቋው ለእናንተ ለውጥ እንደሌለው ገብቶኝ፣ እንግዲያውስ ለእኔ በሚመቸኝ ልጻፈው ብዬ ነው። የሰፈራችን ጋዜጣ አዘጋጅ እስክንድርም ከሪል ስቴት ማስታወቂያው ጎን ቦታ ሰጥቶኛል፣ እግዜር ይስጠው።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከአምስት ወር ማጣራት በኋላ፣ ልጄ የሜሪላንድ ነዋሪ መሆኗን አረጋግጣችሁ እንደ ስቴቱ ልጅ ከፍላ እንድትማር ፈቅዳችሁልናል። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር። እኔ ግን ፈቃዱን እንድትሰርዙልኝ፣ «ከሌላ ስቴት የመጣች ናት» ወደሚለው ወደ ቀድሞው ውሳኔያችሁ እንድትመለሱልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። አብዷል እንዳትሉኝ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ምክንያቴን በቁጥር በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መጀመሪያው ውሳኔያችሁ ምስጋናዬን ተቀበሉኝ። ብሩክታይት ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ሲልቨር ስፕሪንግ ተምራ፣ ከቤቷ የሃያ አምስት ደቂቃ መንገድ ወዳለው ወደ እናንተ አፕላይ ብታደርግ፣ የአባቷ መንጃ ፈቃድ የቨርጂኒያ፣ የመኪናው ታርጋ የቨርጂኒያ፣ ግብሩም የቨርጂኒያ ነው ብላችሁ የውጭ ስቴት ተማሪ አደረጋችኋት። ክፍያው እጥፍና ከዚያም በላይ ነው፤ እሱን ተዉት። እኔን የደነቀኝ አሥራ ሁለት ዓመት የተኛሁበት ቤት ውስጥ እንዳልነበርኩ በጨዋ ቋንቋ የነገራችሁኝ ነው። ኪራይ የምከፍለው ሰውዬ ይህን ቢሰማ እንዴት በተገረመ!

ሁለተኛ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው እህት ዩኒቨርሲቲያችሁም ምስጋና ይገባዋል። እሺ፣ የቨርጂኒያ ሰው ከሆንኩ ቨርጂኒያ ትማር ብዬ ወደ እነርሱ ብሄድ፣ የቤት ኪራይ ውሉ ሜሪላንድ፣ ትምህርት ቤቷም ሜሪላንድ፣ ስለዚህ እኛ ዘንድም የውጭ ናት ብለው በሚያምር ወረቀት ጻፉልኝ። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ሳይደዋወሉ እንዲህ ሲስማሙ በዕድሜዬ አላየሁም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ፤ ሁለቱም ዛፍ ላይ ሳልወጣ ከሁለቱም እንደምወድቅ ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። ግብሬን ለቨርጂኒያ፣ እንቅልፌን ለሜሪላንድ ሰጥቼ ልጄን የምሰጥበት አጣሁ።

ሦስተኛ፣ ስላስሰበሰባችሁኝ ወረቀት ቅሬታ የለኝም፤ እንዲያውም የሙያ ባልደረቦች ነን። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ደሴ ላይ የቀበሌ መታወቂያ ጸሐፊ ነበርኩ። ከሌላ ቀበሌ የመጣ ሰው መሸኛ፣ ማለትም የቀድሞው ቀበሌ «ከእኛ ለቋል» ብሎ የሚጽፍለትን ወረቀት፣ ካላመጣ እኔ ዘንድ ሰው አልነበረም። አንዲት እናት ባላቸው ሞቶ ልጃቸው ቤት ሊጠጉ መጥተው ሦስት ጊዜ መልሻቸዋለሁ። የሚያውቀኝ ሁሉ አልቋል፣ ማን ይጻፍልኝ ልጄ፣ ቢሉኝ ማኅተም ያለበት ይሁን አልኳቸው። የእናንተን ደብዳቤ ሳነብ ያኔ የተናገርኩበት ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ አጻጻፋችሁ ከእኔ የተሻለ መሆኑን ግን እመሰክራለሁ።

አራተኛው ቅሬታዬ ነው የሚከብደኝ። ከባልደረቦቻችሁ አንዷ በስልክ፣ ደግ ድምፅ ነበራት፣ ታዲያ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አድራሻዎን ለምን አልቀየሩም ብላ ጠየቀችኝ። ረስቼው ነው አልኳት። ዋሽቻታለሁ፤ ይቅር ትበለኝ በሏት።

እኛ ዘንድ አዲስ ለመጣ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው አድራሻ ነው። እኔና እንግዳወርቅ በዲቪ ስንመጣ የአጎቴ ልጅ ሠረቀብርሃን አሌክሳንድሪያ ያለውን አድራሻውን ሰጠን። ከእኛ በፊት ለሦስት ሰው ሰጥቶ ነበር፤ ከእኛ በኋላም ለአራት ሰጠ። ሁላችንም ቤት ስናገኝ ወጣን፣ አናንዴል የሄደ አለ፣ ሄርንደን የሄደ አለ፣ ሀያትስቪል የሄደ አለ፤ ደብዳቤያችን ግን «ለጊዜው» እዚያው ቀረ። የሐበሻን «ለጊዜው» ታውቁ እንደሆነ እንጃ፤ ልጅ አሳድጎ ይድራል። ሠረቀብርሃን ፍሪጁ አናት ላይ በየስማችን የጫማ ካርቶን ደርድሮ ፖስታውን ይለያል፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደብዳቤ ልንወስድ እንሰበሰባለን። ባለቤቱ ብርሃነሽ ምሳ ታቀርባለች። አንዱ የኢንሹራንስ ወረቀቱን ያስነብባል፣ አንዱ የቅጣት ትኬቱን ይረግማል፣ እንዲህ እንዲያ እያለ ይመሻል።

እንግዳወርቅ ካረፈች ወዲህ እኔ በሳምንት ውስጥ ከልጄ ሌላ ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ የምበላው ያቺን እሑድ ብቻ ነበር። እንዲያው መጣሁ ብሎ ሰው ቤት መሄድ እዚህ አገር ቀርቷል፤ ቀድሞ መደወል አለ፣ ምክንያት መንገር አለ። ሆዴን ባር ባር አለኝና ምሳ አብሉኝ ብሎ የሚደውል ወንድ ደግሞ ከየት ይመጣል? ደብዳቤዬን ልውሰድ ማለት ግን ያስከብራል። ለአንድ የፒዛ ቅናሽ ወረቀት ስንት እሑድ ቤልትዌይ በሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ በትራፊክ ተቀርቅሬአለሁ! መንጃ ፈቃዴን ወደ ሜሪላንድ ያላዞርኩት ለዚህ ነው። ካዞርኩት ፖስታው እቤቴ ይመጣል፤ ከዚያ ምን ብዬ ልሂድ?

እንግዲህ ልጄን የውጭ ስቴት ሰው ያደረግኋት እኔ ነኝ፣ እናንተ አይደላችሁም። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። አማርኛ ትሰማለች እንጂ ፊደሉን አታነብም፤ ጋዜጣ ላይ ለማውጣት የደፈርኩትም በዚሁ ነው።

ወደ ቅሬታዬ ልመለስ፤ ቁጥሩ ስንት ላይ እንደደረሰ ጠፍቶኛል። እናንተ ስታጣሩ ብሩክታይት ያመለከተችበት አዮዋ ያለ የስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ አፈርና እርሻ ማጥናት ትፈልጊያለሽ አሉን፣ ነይ፣ እንደ ስቴታችን ልጅ ክፈይ ብሎ ጻፈላት። አያችሁልኝ? በአሥራ ስምንት ዓመቷ ነዋሪ ናት ያላት ስቴት እግሯ ረግጦት የማያውቀው ሆነ። እዚያ ሰው እንዳለን ለማወቅ እሑድ ካርቶኖቹ ሥር ጠየቅሁ። ወገን የሌለበት ከተማ የለም የሚለው ሠረቀብርሃን እንኳ ራሱን አከከ። ሄርንደን ያለችው ሲሐም ብቻ፣ ኤርፖርት ስለምትሠራ፣ በአውሮፕላን ለቺካጎ ይቀርባል አለች፤ ቺካጎ ደግሞ ለእኔ ምኔ ነው? አዮዋ ከእኛ ቤት በመኪና አሥራ አምስት ሰዓት ነው፣ ካርታ ላይ አይቼዋለሁ።

ያኔ ወገቤን አስሬ ተነሳሁ። ልጄ የምትሄደው በክፍያው ምክንያት ነው፣ ቢሮው ነው የሚያባርርብኝ፣ ቢሮውን ካሸነፍኩ ትቀርልኛለች ብዬ አፒል፣ ይግባኝ፣ አልኩ። መንጃ ፈቃዴን ቀየርኩ፣ ታርጋዬን ቀየርኩ፣ የቤት ውሉን የአሥራ ሁለት ዓመት አወጣሁ። ባላችሁኝም መሠረት ሠረቀብርሃን ከኖታሪ፣ ከፊርማ አረጋጋጩ፣ ፊት ቆሞ «ንጋቱ ከእኔ ጋር አይኖርም» ብሎ ፈረመ። ፈርሞ ሲያበቃ የዚያን ቀን ካርቶኔን ገልብጦ ያለውን በፌስታል ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት እሑድ አልሄድኩም፤ ፖስታዬ አሁን እታች፣ ደረጃው ሥር ይመጣል።

ማክሰኞ የእናንተ ፈቃድ ሲደርስ አትሜ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ብሩክታይት ከትምህርት ቤት መጥታ አነበበችው፣ አቅፋም ሳመችኝ፣ ከዚያ በዚያ በእንግሊዝኛዋ ቀስ ብላ፣ ዳድ፣ እኔ አሁንም አዮዋ ነው የምሄደው አለችኝ። ክፍያው እኩል ነው፣ እዚህ ቅርብ ነው፣ ሳምንት ሳምንት ትመጫለሽ፣ ያላልኩት የለም። ከዚያ ነገሩ መጀመሪያውኑም የክፍያ እንዳልነበረ ነገረችኝ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ብትገባ፣ የሠረቀብርሃን ቤት ብትሄድ፣ ሱቅ እንኳ ብትቆም፣ ያየቻት ሴት ሁሉ ከንፈሯን ትመጥላታለች፤ ስድስት ዓመት ሙሉ «እኔን ልጄ» ሲሏት ኖራለች፤ አንድ ጊዜ እንኳ ማንም የማያዝንላት ቦታ መኖር ትፈልጋለች። እኔ ሰው ፍለጋ የምሄድበትን ቤት እሷ ጥርሷን ነክሳ ነበር የምትገባው። ታዲያ ይህን ሁሉ ወር ቢሮውን ስረግም ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ በእነሱ ብትናደድ በእኔ ከማዘን ይሻልሃል ብዬ ነው አለች። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው።

አልተቆጣኋትም። የምቆጣው በእናንተ ነበር፣ እናንተ ደግሞ ፈቀዳችሁልኝ።

እንግዲህ አመልካቹ የምለምነው ይህን ነው። አፈር ስሆን፣ ፈቃዱን ሰርዙልኝ። ስህተት ነበር በሉ፣ ፊርማው ቀለሙ ደብዝዟል በሉ፣ ለዚህ ለዚህ እናንተን ማን ያክላችኋል! ሰው ሲጠይቀኝ፣ ልጅህን ለምን እንዲህ ሩቅ ሰደድክ ሲሉኝ፣ ምን ላድርግ፣ ቢሮው ከለከለን የምልበት ወረቀት ይኑረኝ። ስለ እሷ አታስቡ፤ የአዮዋውን የመቀበያ ቅጽ ዛሬ ጠዋት ከሥራ በፊት አብረን ሞልተን ፈርሜላታለሁ። የወላጅ ፊርማ ከሚለው ቦታ ሁለት መስመር ነበር፣ አንዱን ባዶ ተውነው።

ትዕግሥታችሁ እንደ ሰልፋችሁ ረጅም፣ ማኅተማችሁም እንደ ልባችሁ ጠንካራ ሆኖ ይኑርልኝ እያልኩ፣ በታጠፈ ወገብና በተሟላ ሰነድ የምሰናበታችሁ፣

አክባሪያችሁና፣ በራሳችሁ ምስክርነት፣ ሕጋዊ ነዋሪያችሁ
ንጋቱ ወልደአምላክ
ሲልቨር ስፕሪንግ

ግልባጭ፦
ለወንዝ ማዶው እህት ዩኒቨርሲቲ፣ እንዳይከፋው
ለሠረቀብርሃን፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በድሮው አድራሻዬ

ማስታወሻ፦ በፈቃዳችሁ ወረቀት ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ በቤቱ የሚኖረው ሰው ቁጥር ከተለወጠ በአሥር ቀን ውስጥ ለቢሮው አሳውቁ የሚል አለ። ኦገስት አሥራ ስድስት ከሁለት ወደ አንድ ይለወጣል፤ ይኸው አስቀድሜ አሳውቄአለሁ። ግዴታ ስላደረጋችሁት ከልብ አመሰግናለሁ፤ ንገረን ያለኝ ሌላ ሰው የለም።