ተፈልጌ ያልተገኘሁበት ሰርቨር

ለተከበሩ የተማርኩበት ጤና ኮሌጅ ዋና ዲን
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? በእኛ አገር ሰው «ሳሮ» ብሎ የሰውየውን፣ የቤተሰቡንና የከብቱን ደኅንነት ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ አይገባምና፣ እኔም የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ደኅንነት፣ በመጨረሻም የታደሰውን ሰርቨርዎን ሁኔታ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ከኮሌጁ መዝገብ ከመጥፋቴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

የኮሌጁን ስም ያልጠቀስኩት ከአክብሮት ብቻ አይደለም። እዚያ መማሬን የሚያሳይ መረጃ እንደሌለ በማኅተም የተደገፈ ምላሽ ስለሰጡኝ፣ ያልተማርሽበትን ኮሌጅ ስም አጠፋሽ ተብዬ እንዳልከሰስ ፈርቼ ነው።

ብሩክታይት ባዳቾ እባላለሁ። በአዋላጅ ነርስነት ተመርቄ፣ ቦምቤ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ተወዳድሬ አለፍኩ። ጤና ጣቢያው ከመቅጠሩ በፊት የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዲፕሎማዬ ሐሰተኛ አለመሆኑን ኮሌጁ በደብዳቤ እንዲያረጋግጥለት። ለዚህም እስከ ጥቅምት መጨረሻ ጊዜ ሰጠኝ። እናቴ አሳየሽ ግን እስከዚያ መታገሥ አቅቷት በቤተ ክርስቲያን ቆማ ምስጋናዋን አቀረበች። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በነሐሴ ወር፣ የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሳይገባ ሁሉም ነገር አዲስ ይሁን በሚል መልካም ሐሳብ፣ የሰርቨሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከፍ እንዲል ማዘዝዎን በአድናቆት ሰምቻለሁ። የአይሲቲ ኃላፊው አቶ ደገፉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸውና፣ ነገሩን በትዕግሥት አስረዱኝ። ሬጅስትራርና ቤተ መጻሕፍቱ የየራሳቸው ኮምፒውተር ያላቸው ቢመስልም፣ እነዚያ ኮምፒውተሮች በእጅ የሚዳሰሱ አይደሉም፤ ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ፤ በአንዱ ሰርቨር ሆድ ውስጥ የሚኖሩ ፋይሎች ናቸው። አዲሱ ሲስተም ሲጫን ዲስኩ ተጠርጎ ጸዳ፤ ቨርቹዋል ማሽኖቹም ከነተማሪዎቻቸው አብረው ተጠረጉ። ሰርቨሩ ከበፊቱ እጅግ ፈጣን ሆኗል መባሉን ሰምቼ ተደስቻለሁ። የሚሸከመው ነገር ስለሌለው ይመስለኛል።

2ኛ. ኮሌጁ ባክአፕ አልነበረውም ብሎ የሚያማዎ ሰው ካለ ውሸቱን ነው። ባክአፕ ነበር። የተቀመጠው እዚያው ሰርቨር ላይ፣ እዚያው ዲስክ ውስጥ ነው፤ ትርፍ ቁልፍን ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደ መውጣት ማለት ነው። ለምን ለብቻው በሌላ ዲስክ አልተያዘም ብዬ ብጠይቅ፣ ንብረት ክፍል የዲስኩን መጠየቂያ እንደ መለሰው ተነገረኝ። ዲስክ የሚፈቀደው የሚያገለግለው ኮምፒውተር የንብረት ቁጥር ሲጠቀስ ነው፤ ቨርቹዋል ማሽን ደግሞ ቁጥር የሚለጠፍበት ጀርባ የለውም። ከጥፋቱ በኋላ የመጣው የንብረት ቆጠራ ኮሚቴም በዚያው ጽናት ኮምፒውተሮቹን ቆጥሮ፣ አንድም ንብረት አለመጉደሉን በቃለ ጉባኤ አጽድቋል። የኮሌጁ ምሩቃን በሙሉ ጠፍተናል፤ ከኪቦርዶቹ ግን አንድም አልጎደለም። ለዚህ ጥንቃቄ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

3ኛ. አቶ ደገፉ እንዳሉኝ፣ ሰርቨሩ ወዲያው ተዘግቶ፣ ዲስኩ ላይ ምንም ሳይጻፍበት ለባለሙያ ቢሰጥ ኖሮ፣ ከተደመሰሰው ብዙው ሊመለስ ይችል ነበር። እርስዎ ግን ሰርቨሩ እንዲመረቅ አዘዙ። ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ የምረቃው ቪዲዮም ለታሪክ እንዲቀመጥ በዚያው ዲስክ ላይ ተገለበጠ። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይላሉ አባቶች፤ ሪባን የሚቆርጥ ሊኖር እንደሚችል ግን አላሰቡም። ሌሊቱን ቆሜ ያዋለድኩባቸው የልምምድ ወራት ውጤት በነበረበት ቦታ ላይ አሁን የእርስዎ ንግግር ሰፍሯል።

4ኛ. የወረቀት ፋይሎቻችን «ዲጂታል ሆነናል» ተብሎ አምና ተወግደዋል። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

5ኛ. ያቋቋሙት የመፍትሔ ኮሚቴ፣ እንደ ቀበሌ ልማድ፣ አብረውኝ የተማሩ ሦስት ሰዎች ቀርበው ስለ ትምህርቴ እንዲመሰክሩልኝ ወሰነ። መሲንና ሌሎች ሁለት ጓደኞቼን ከሥራቸው አስፈቅጄ አመጣሁ። ኮሚቴው በአክብሮት ካስቀመጣቸው በኋላ፣ የእነርሱም መረጃ ስለጠፋ መጀመሪያ እነርሱ ተማሪ እንደነበሩ የሚመሰክሩ ሦስት ሦስት ሰዎች ያምጡ አለ። ሬጅስትራሯ ወይዘሮ ሰብለ በስሜ ጠርተው፣ ጉንጬን ስመው፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ፤ ቀጥለውም እንደ ግለሰብ እንጂ እንደ ሬጅስትራር እንደማያውቁኝ ገለጹልኝ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሥራ ክፍሎች በሙሉ ባክአፕ እንዲይዙ ጥብቅ ማሳሰቢያ ማውጣትዎን ሰምቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ አሉ፤ እኔ ለጩኸቱም አመሰግናለሁ። ባክአፑ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ይቀመጥ፣ አልፎ አልፎም ተከፍቶ ይሠራ እንደሆን ይታይ የሚለውን አቶ ደገፉ ደጋግመው ጠይቀዋልና፣ እባክዎ ይህንንም ይፍቀዱላቸው።

ጥቅምት አለቀ። እርስዎ ለጤና ጣቢያው የላኩት ደብዳቤ «የተጠቀሰችው ግለሰብ መረጃ በሲስተማችን አልተገኘም» ይላል። ጠፍቶብናል አላሉም፤ አልተገኘም አሉ። ሐሰተኛ ዲፕሎማ በሚታደንበት በዚህ ጊዜ ይህች ቃል ምን እንደምታስጠረጥር ያጡታል ብዬ አላስብም። ቦታው ለተጠባባቂዋ ተሰጠ። እናቴም ምስጋና ካቀረበችበት ጉባኤ ከቀረች ሰነበተች፤ ልጅሽ ሥራ ጀመረች ወይ ብለው ሲጠይቋት የምትመልሰው ስላጣች። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። ተናድጃለሁ፤ አፍሬያለሁም፤ ማፈር የነበረብኝ ግን እኔ አልነበርኩም።

የምለምንዎ አዲስ ዲፕሎማ አይደለም። «ይህች ልጅ ተምራለች፤ መረጃዋን ያጠፋነው እኛ ነን» የምትል አንዲት መስመር ከነፊርማዋ ትበቃኛለች። ይህችን ለመጻፍ ሰርቨር አያስፈልግም።

ለሰጡኝ ትምህርት፣ ስለ መስጠትዎ ማስረጃ ባይኖርም፣ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር፣ መብራት ከማይጠፋበት ቢሮ ጋር እመኝልዎታለሁ።

ትሑት ተማሪዎ፣ ኮሚቴው ካልፈቀደም ትሑት ግለሰብ፣
ብሩክታይት ባዳቾ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት ቦዲቲ መናኸሪያ ስወርድ፣ ለአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ያሰቀሉትን ትልቅ ባነር አየሁ። ጋዎን ለብሳ የምትስቀው ልጅ እኔ ነኝ፤ ከሥሬም «በሙያዋ ወገኗን እያገለገለች ያለች ምሩቃችን» ተብሎ ተጽፏል። ባነሩ ሥር አንዲት ልጅ ከአባቷ ጋር ቆማ የኮሌጁን ቁጥር ስልኳ ላይ ትመዘግብ ነበር። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ኮሌጁ ጥሩ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከራሴ አንዳች እንዳልጨምር ሰግቼ፣ እዚያ መማሬን የሚያሳይ መረጃ የለም የሚለውን፣ ማኅተምዎ ያረፈበትን ደብዳቤ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ሁለቴ አነበበችውና ቁጥሩን እዚያው አጠፋችው።