ዱላ የሚችል የጡት ማለቢያ ስለመምረጥ

ለተከበሩ ኦቦ ጃታኒ፣ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ
ነገሌ ቦረና

ልጇን ቤት ትታ ሥራ የገባች እናት ጡቷ ሲሞላ የት ትሂድ? ይህን ያልጠየቀች ወላድ በከተማችን ያለች አይመስለኝም። መልሱ በእርስዎ ግቢ በር ላይ ስለተሰጠኝ፣ ብቻዬን ይዤው ብቀር ንፉግነት ይሆንብኛል ብዬ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተነሣሁ። አካም ጂርቱ? ቤቱ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ሁሉ ናጋ፣ ሰላም ነው ወይ? ለደረትዎ፣ ለትከሻዎ፣ በተለይም ለጎድን አጥንትዎ ጤና እመኛለሁ፤ እነዚህ የሰውነት ክፍሎች ምን ያህል እንደሚያስፈልጉ ሰሞኑን ተምሬያለሁ።

ሃያት ነኝ፤ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ ወጥቼ በቢሮዎ በሙከራ ቅጥር ላይ ያለሁ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የጁነይድ እናት። «እናንተ ወጣቶች አዲስ ነገር ይዛችሁ ኑ» ያሉን ዕለት እጄ እስኪቀላ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። እንዳሉት አዲስ ነገር ይዤ መጣሁ። የደረሰብኝን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ስለ ክፍሉ። ከወሊድ ፈቃድ ተመልሼ ወተት የማልብበት ክፍል ብጠይቅ ዕቃ ግምጃ ቤቱን ስለፈቀዱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከውጭ እንጂ ከውስጥ የማይቆለፍ፣ ወረቀት ፈላጊ ሁሉ ሳያንኳኳ የሚገባበት መሆኑ ብቸኝነት እንዳይሰማኝ ታስቦ እንደሆነ ገብቶኛል። በእጅ የሚጨመቀው ማለቢያ ሁለት እጅና የተዘጋ በር ይፈልጋል። በሶኬት የሚሠራው መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ደግሞ እንደሚያውቁት እንግዳችን ነው። ስለዚህ ባለሱቋ አክስቴ ሀሚዳ ጡት መያዣ ውስጥ የሚገባ፣ በባትሪ የሚሠራ ጥንድ ማለቢያ ከሞያሌ አመጣችልኝ። ጡት ላይ የሚገጥመው አፉ ከጠበበ ያቆስላል፣ ከሰፋ አየር ያስገባል፤ ሞክሬ ሞክሬ ልኬን አገኘሁ። እጄ ኪቦርድ ላይ ሆኖ ከሻርፔ ሥር ያልብልኛል። ድምፁ የአንዲት ንብ ያህል ነው። እንግዲህ በርዎ የሰማው ይህችን ንብ ነው።

፪. ስለ በሩ። ሰነድ ፎቶ ኮፒ እንዳስነሣ ልከውኝ ከባጃጅ ወርጄ ስገባ ጥበቃችን ኦቦ ዲባ «ኩን ማሊ? ደረትሽ ውስጥ ምንድነው የሚያንጎራጉረው?» ብለው ጠየቁኝ። መጠየቅ ሥራቸው ነው፤ ጦር ሰፈር ያለበት ከተማ ስለሆንን አልተቀየምኩም። «የጡት ማለቢያ ነው፣ ኦቦ» አልኳቸው። «የሚታለበው ግመል ነው!» አሉ። በሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ። ዞር ብዬ የግራውን አውጥቼ ከነወተቱ አሳየኋቸው።

«ወተት ከሆነ ቅመሺው» አሉ።

በዚያ በር ውኃ ይዞ የሚገባ ሁሉ ቤንዚን አለመሆኑን ሊያሳይ ከጠርሙሱ ይጎነጫል፤ ደንቡን አውቃለሁ። ይህ ግን የልጄ ምሳ ነው። «የጁነይድ ነው፤ ካላመኑኝ እርስዎ ይቅመሱት» አልኳቸው።

ኦቦ ዲባም ክቡር ዱላቸውን አነሡ። የመጀመሪያው ምት ማለቢያውን ከእጄ አስፈንጥሮ ግድግዳ ላይ አደቀቀው። የቀኙ ደረቴ ውስጥ እያንጎራጎረ ነበርና «ሌላም ታጥቃለች!» ብለው ሁለተኛውን በደረቴ ላይ አሳረፉልኝ። ፕላስቲኩ እዚያው ተሰባብሮ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። ከወደቅሁ በኋላም ጫማቸው ጎድኔን አልረሳውም። የሒሳብ ክፍሏ ረሆቦት «አንተ! ገና ከአራስ ቤት የወጣች ትመታለህ?» እያለች ደርሳ እጃቸውን በጥርሷ ባትይዝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልዎ አክስቴ ነበረች።

ወተቱና ደሙ ተደባልቆ በሲሚንቶው ላይ ሲወርድ ቀና ብዬ አየሁ። እርስዎ መስኮትዎ ላይ ነበሩ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ መስኮቱን ዘጉት። ጩኸቴ ስብሰባዎን እንዳይረብሽ መሆኑን ተረድቻለሁ። በዝግታ ስለዘጉትም አመሰግናለሁ፤ መስተዋቱ እንኳ አልተንኳኳም፤ ለመስተዋት እንዲህ የሚራራ ኃላፊ ማግኘት ዕድል ነው።

፫. ስለ ፍትሑ። ሐኪሙ ቀኝ ጡቴን ሰፍቶ ሲሸኘኝ ውሳኔዎ ቀድሞኝ ቤት ደርሷል። ያልታወቀ መሣሪያ ታጥቄ ገብቻለሁ፤ ቅመሺ ስባል እምቢ ብያለሁ፤ ጥበቃውንም ሰድቤያለሁ፤ ሰኞ በሠራተኛው ፊት ኦቦ ዲባን ይቅርታ ካልጠየቅሁ ቅጥሬ ይቋረጣል። ፍጥነቱ የሚያስቀና ነው። ለዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ከውስጥ መቀርቀሪያ እንዲገጠም ያቀረብኩት ጥያቄ እስከ ዛሬ «እየታየ ነው»።

የተሰፋው ጡቴ መግል ይዟል፤ ጁነይድ የሚጠባው ግራውን ብቻ ነው። ግራውም ቀኑን ሙሉ ካልታለበ ይደርቃል። ሥራውን ብተው ልጄ የሚያሳድረው ያጣል፤ ሥራውን ይዤ ካላለብሁ ወተቱን ያጣል። ይህን ለመፍታት ዲግሪዬ አልረዳኝም።

፬. ለገዢዎች ምክር። ማለቢያ የምትገዙ እህቶቼ፣ ነጋዴው ስለ ባትሪውና ስለ ድምፁ ማነስ ያወራላችኋል። አትስሙት። ሱቁ ወለል ላይ አስቀምጡና በወፍራም ዱላ ሁለት ጊዜ አቅምሱት፤ ከተረፈ ግዙት። ካልተረፈ ለመሥሪያ ቤታችን በር አይሆንም።

ኦቦ ጃታኒ፣ ይቅርታ አልጠይቅም። ይህ ቢሮ ይለወጣል ብዬ ዛሬም የማምን ሞኝ ስለሆንኩ፣ ሰኞ ጠዋት ሌላ ማለቢያ በግራ ጡቴ ላይ አድርጌ፣ እያንጎራጎረ፣ በዚያው በር እገባለሁ። ዱላው ዳግም ከተነሣ የምትነክሰው ረሆቦት ብቻ አትሆንም። የነገሌ እናቶች፣ ከወደራና ከአሬሮ ለገበያ የምትመጡ ወተት ሻጮች፣ ጥርስ ያላችሁ ሁሉ፣ በሩ ላይ እንገናኝ። እርስዎም አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሱልኝ፦ የት ሄጄ ልለብ? መልሱን ሁላችንም እንድንሰማው መስኮትዎን ከፍተው ይንገሩን።

ቀና ማለት ስለሚያመኝ ሳልወድ በግድ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

ሃያት ዓብዱልባሲጥ
የጁነይድ እናት፣ እስከ ሰኞ ድረስ የቢሮዎ ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ወተቱን ባለመቅመሴ ጥፋተኛ ተብያለሁ። ሆኖም ከሲሚንቶው ላይ የቀመሰ ምስክር አለ፤ በሩ ሥር የምትተኛው ውሻ ከነደሜ ላሰችው። እስከ ዛሬ በሙሉ ጤንነት ላይ ናት። በዚያ ዕለት ከግቢው ሁሉ ወደ ወደቅሁበት ሳይጠሩ ከመጡት ከሁለቱ አንዷ ስለሆነች፣ ቃሏ ከውሳኔዎ ጋር ይያያዝልኝ።