ከአማልክቱ እግር ሥር ያሉት ስሞች

ሰኞ

ሌባ ነው። እዚህ ደብተር ላይ ካልተነፈስኩት ልፈነዳ ነው። ካሮልተን ከተማ ቲሸርት የሚያትመው የእህቴ ባል ጀማል ለበጎ አድራጎት የሚሸጠውን የዒድ ቲሸርት ፎቶ ለመስጊዱ ሰው ሁሉ ላከ። ላዩ ላይ ያሉት ወፎች የእኔ ናቸው። ጨረቃዋም የእኔ ናት። ሦስት ሳምንት ነው የሣልኩት። እሱ የወፎቹን ክንፍ ትንሽ ዘርግቶ፣ ደረቱ ላይ “ዲዛይን በጀማል” ብሎበታል። “ማሻአላህ ጀማል” የሚለው መልእክት ማለቂያ የለውም። የሰው ወርቅ አያደምቅ!

ጥፋቱ የእኔም ነው። ለበጎ ሥራ በተሰጠ ነገር ላይ ስም መጻፍ ይዩልኝ ይመስላል ብዬ ስሜን ሳልጽፍበት ሰጠሁት።

ማክሰኞ

ፍሬም የምንሠራበት ሱቅ አንዲት ሴትዮ የድሮ ሥዕል አመጣች። ደመና ላይ ለግብር የተቀመጡ የግሪክ አማልክት፣ ሁሉም ራቁታቸውን። አስተግፊሩላህ። ግን የሠሪው እጅ ጉድ ያሰኛል። መዳብ ላይ ተቀርጾ የታተመ ነው። ከእግራቸው ሥር ሁለት ስም አለ። አለቃዬን ሊንዳን ጠየቅኳት። የመጀመሪያው የነደፈው ነው፤ ሁለተኛው ንድፉን ወስዶ፣ ትንሽ ለውጦ፣ መዳብ ላይ የቀረጸው ነው አለችኝ።

ቀራጩ የሌላውን ስም ከራሱ አስቀድሟል። ለጣዖት ሥዕል እንኳን ይህን ያህል ሐቅ ነበር። ንዴቴ እንደ አዲስ ተነሳ።

ረቡዕ

ሴትዮዋ ስሞቹ ይሸፈኑ፣ አማልክቱ ብቻ ይታዩ ብላለች። ሊንዳ በሥዕሉ ዙሪያ የሚገባውን ካርቶን በዚያ ልክ ቁረጪ አለችኝ። ቢላዋውን ይዤ ቆምኩ። እጄ እምቢ አለ። ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ ቆረጥኩት፤ ስሞቹ ይታያሉ። ካባረረችኝም ታባርረኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጀማል ጋ ደወልኩና ስሜ የት አለ አልኩት።

“ዘሀራ፣ ማለቴ፣ ለአላህ ብለሽ አይደል የሰጠሽው? ሶ ክሬዲቱ፣ ስምሽ መጻፉ፣ ምን ያደርግልሻል?”

“ለአላህ ነው የሰጠሁት። ለአንተ አይደለም።”

ዘጋሁበት።

ሐሙስ

ሴትዮዋ መጣች። ጎንበስ ብላ ስሞቹን አነበበችና የማን ናቸው አለች። ሊንዳ አፈጠጠችብኝ። የሠሪዎቹ ናቸው አልኩ። ሴትዮዋ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ እንዲሁ ይሁን ብላ ወሰደችው። ሊንዳ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ አለችኝ። አልተባረርኩም።

ማታ እህቴ ደወለች። ጀማል ስሜን አስገብቶ እንደገና እያተመ ነው አለች።

ዓርብ

ጀማል ቲሸርቱን ለብሶ ከእህቴ ጋር ቤቴ መጣ፤ ጫፉን ሱሪው ውስጥ ከትቶታል። ደረቱ ላይ “ዲዛይን በጀማል” የሚለው የለም። ደስ ሊለኝ ነበር።

ስሜስ አልኩት። እዚህ አለ አለኝ፣ ወደ ታች እያየ። ከሱሪው አውጣው አልኩት። ሲያወጣው አየሁት፤ ከታች ጠርዙ ላይ፣ ጤፍ የሚያህል፣ “ዘሀራ”።

እህቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ነገ ዒድ ነው፤ መስጊድ በር ላይ ቆሜ የሰውን ሁሉ ቲሸርት ከሱሪው አላስወጣም። እሱን ግን “ወላሂ ነገ ሱሪዬ ውስጥ አልከተውም” አስብዬዋለሁ።