በላምባ የራሰው ጨርቅ

ሰኞ

ግራው እምቢ አለ። የኋላ ቀኙ አሞርዛተር ቶሎ ወለቀ፤ የግራውን ማሰሪያ ዳዶ ግን ዝገት ውጦታል። ጀማል የመፍቻው እጀታ ላይ ቧንቧ ሰክቶ ተንጠለጠለበት። ፒካፑ ተወዛወዘ እንጂ ዳዶው ወይ ፍንክች። ጀማል የሟቹ ባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ መኪናዋን አሁን እሱ ነው የሚነዳት።

"እትዬ ሀዋ፣ ይሄን ያሰረው ወንድሜ ነው። እንኳን እኔ፣ ራሱም ቢመጣ አይፈታውም" አለኝ።

ሐሙስ ጎረቤቴን እትዬ ሩቂያን ለዓይን ቀዶ ሕክምና ደብረ ብርሃን ማድረስ አለብን። ከስድስት ዓመት ወዲህ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ ወገባቸው መንገጫገጭ አይችልም። በሞተ አሞርዛተር የጣርማ በርን ዳገት አንወጣም።

ወገባቸው በማን እንደተጎዳ አውቃለሁ።

ማክሰኞ

ጀማል በእሳት እናሙቀው አለ። የነዳጁ ቱቦ ቅርብ ነው፤ ከለከልኩት።

"ጋራዥ ከፈትሽ እንዴ?"

የባሌን ዘዴ ነገርኩት፦ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ፣ ላምባ የጠጣ ጨርቅ ጠምጥሞ ማሳደር፣ ጠዋት ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያሉ መምታት።

ጨርቁን ራሴ ጠመጠምኩት። ከስድስት ዓመት በፊት ባሌ እዚሁ ቦታ ላይ የጠመጠመውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ጀውሃ ከተማ የእህቴ ሰርግ ነበር። "አንድ ቀን ምን ትሆናለች? ተነስ" አልኩት። በአሮጌው አሞርዛተር ሄድን። መንገድ ላይ መኪናዋ ጉድጓድ ገብታ ነጠረች፤ ከኋላ ተጭነው የነበሩት እትዬ ሩቂያ ወደቁ። በማግሥቱ ባሌ እንደገና ጨርቅ ጠምጥሞ፣ አሳድሮ ቀየረው።

ሰው ሁሉ እሱን ወቀሰ። ዝም ብሎ ተቀበለ። እኔም ዝም እንዳልኩ ሞተብኝ። አላህ ይርሐመው።

ማንበብ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ብቻዬን፣ ዕቃ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እያቃናሁ። ለእትዬ ሩቂያ የምለውን ግን የትም ተጽፎ አላገኘሁም።

ረቡዕ

መዶሻ። መፍቻ። ምንም። እንደገና ላምባ።

ጀማል መጋዝ ሊያመጣ ተነሳ። እስከ ዙህር ሶላት ታገሥ አልኩት፤ አጉረመረመ፣ ግን ታገሠ። ከሶላት ተመልሶ ዳዶውን መጀመሪያ ትንሽ ወደሚጠብቅበት ገፋው፣ ከዚያ መለሰው። ሲጥ አለ። ሩብ ዙር። ላምባ። ሩብ ዙር። የአስር ሶላት ሳይደርስ ዳዶውን መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ትኩስ ነበር።

አዲሱ አሞርዛተር ገባ። አልሐምዱሊላህ።

ሐሙስ

ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ጣርማ በር ላይ ጀማል ውሃ ሊገዛ ሲወርድ ለእትዬ ሩቂያ ነገርኳቸው። ጨርቁን፣ "ተነስ" ማለቴን፣ ሁሉንም።

"ስድስት ዓመት ጥፋቱ የእሱ ነው ስል ነው የኖርኩት" አሉ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ሲቀበር አፉ ብዬዋለሁ። ያንቺን ግን ገና ዛሬ ሰማሁ። ጊዜ ስጪኝ።"

ጀማል ሲመለስ ጠየቁት፦ "የዛሬውስ በደንብ ታስሯል?"

"ታስሯል።"

"እንግዲያ ንዳ።"

እዚህ ደርሰን ሲጠሯቸው ነርሷ ምርኩዛቸውን ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች። ለእሷ አልሰጡም። ወደ እኔ ዞረው ለእኔ ሰጡኝ።

ጭኔ ላይ አጋድሜው እጠብቃለሁ።