እማዬ መቀመጫህ ላይ የተቀመጠች ቀን

ለውድ ወንድሜ ለካውሬ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ያለህበት ባሕር ድረስ ይድረስህ። እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የሚነዘንዝህ ጉልበትህ የሰሜኑን ብርድ ቻለው? ማዕበሉስ በርዶላችኋል? ምግብ አብሳያችሁ ዛሬም ጎመን በጎመን ነው የሚያደርጋችሁ ወይስ አንድ ቀን እንኳ ዓሣ ቀምሰሃል? ቀን ከሌት ዓሣ ላይ እየሄዱ ዓሣ መራብ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር በሳቅ እሞታለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ታሳዝነኛለህ።

እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እኔ እዚህ ታራዋ ትምህርቴን እየተማርኩ ነው፤ እማዬና ባለቤትህ ሩታም በደሴታችን በአባያንግ ደህና ናቸው። መርከቡ ላይ ስልክህ ስለማይሠራ ይህን ደብዳቤ በአክስታችን ልጅ እጅ ልኬልሃለሁ፤ የናንተን መርከብ ሊቀላቀል በዚህ ሳምንት ይበራል። የደረቀ ዓሣም አስይዤዋለሁ። መንገድ ላይ ከበላብህ ከኔ ጋር ይተያያል በለው።

አሁን የምጽፍልህን ስታነብ አትደንግጥ፤ ነገሩ አልፏል። ልጅህ ቴቦራ ሆዷን በጣም ታማ ነበር። የመንደራችን የፀሐይ ፓምፕ ቆሞ ሰዉ ወደ አሮጌው ጉድጓድ ተመልሶ ነበር፤ ያ ውሃ ደግሞ ባሕሩ ገብቶበት ጨው ጨው እንደሚል ታውቃለህ። ልጅቷ ከሳች፣ ዓይኗ ጎደጎደ። እማዬ በስልክ ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እማዬ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼ ስለማላውቅ እኔም ስልኩን ይዤ አለቀስኩ። ለመንግሥት አልተነገረም ወይ ትለኝ ይሆናል። መንደሩማ እንደ ልማዱ መሰብሰቢያ ቤታችን ማኔአባ ውስጥ ተቀምጦ ይነገር አለ፤ የተላከው ሰውዬ ጀልባ ጠበቀ፤ ጀልባው ነፋስ እስኪያልፍ ጠበቀ፤ ቢሮው ሲደርስ ደግሞ ኃላፊዋ ለስብሰባ ወጥተዋል ተባለ። በቃ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት አለፈ።

በዚሁ መሀል ኮሌጃችን ውስጥ ሃካቶን የሚሉት የተማሪዎች ውድድር ተዘጋጀ። ለሕዝብ አገልግሎት የሚሆን የስልክ መተግበሪያ በጥቂት ቀን ሠርቶ ማቅረብ ነው። አሸናፊውን መንግሥት በአንድ ደሴት ላይ ይሞክርለታል አሉ። እኔማ ይህን ስሰማ ቴቦራ ፊቴ ድቅን አለችብኝ። ወዲያው ከክፍል ጓደኛዬ ከቶካታ ጋር ተመዘገብን። ቶካታ ሥራ ይችላል፤ አፉ ግን ፍሬን የለውም።

መጀመሪያ የሠራነው ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ሰው በየስልኩ «ውሃ የለም» የሚለውን ይነካል፤ መልእክቱ በቀጥታ የውሃ ቢሮ ይደርሳል። ለሙከራ እዚሁ ቢኬኒቤው የቶካታ ዘመዶች ማኔአባ ይዘነው ገባን። እንደ ወጉ ለሽማግሌዎቹ ትንባሆ አቀረብን፤ አስረዳን፤ «በሉ ንኩት» አልን። ማንም አልነካም! ሁሉም አውራ ጣቱን አንስቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል። ቶካታ ግራ ገብቶት «ምነው፣ ባትሪ አልቆባችሁ ነው?» አለ። አክስቱ ከኋላ ሆና «ባትሪስ ሙሉ ነው፤ ያለቀው ያንተ ጭንቅላት ነው! ሽማግሌው ሳይናገሩ ማን ቀድሞ እንዲናገር ፈልገህ ነው?» አለችው። ማኔአባው በሳቅ ፈረሰ። እኔማ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያደግነው እዚያው ምንጣፍ ላይ ሆኖ፣ ኮምፒዩተር ፊት ስንቀመጥ ማን መሆናችንን ረሳነው ማለት ነው?

ስለዚህ እንደገና ሠራነው። አሁን ስልኩ አንድ ነው። ማኔአባው ውስጥ በመቀመጫ ተራ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከመቀመጫው ሆኖ በድምፁ ይናገራል፤ የተናገረው መቀመጫ ስክሪኑ ላይ ይበራል። ሁሉም ሲበራ መልእክቱ የመንደሩ ቃል ሆኖ ይሄዳል። አንድ እንኳ ከቀረ አይሄድም። ይህችን የመጨረሻዋን ያስገባኋት እኔ ነኝ። ቶካታ «አንድ ሰው ባይኖርስ?» ቢለኝ «የኛ አገር ሰው ከማኔአባ አይቀርም!» ብዬ ኮራሁበት። የማን እህት እንደሆንኩ እንኳ ትዝ አላለኝም።

የማቅረቢያው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከዳኞቹ አንዷ የውሃ ቢሮ ኃላፊ ናቸው፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሲያዩህ ያላጠፋኸውን ሁሉ አጥፍቻለሁ ያሰኙሃል። እኛ በቀጥታ ከመንደራችን ማኔአባ ጋር ተገናኘን። እዚያ ስልኩን የሚያዞረው አስተማሪው ናካኡ ነበር። ሽማግሌው አባባ ባኮዋ ተናገሩ፤ መቀመጫቸው በራ። ቀጥሎ በራ፣ ቀጥሎም በራ። ሕዝቡ ማጨብጨብ ጀመረ። ከዚያ ቆመ። አንድ መቀመጫ ጨለማ ሆኖ ቀረ። ስክሪኑን ቀና ብዬ ሳይ በምሥራቅ በኩል፣ ምሰሶው ሥር ያለው የኛው መቀመጫ ነው!

ወንድሜ፣ ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። አባታችን ካረፈ ወዲህ እዚያ ላይ የሚናገረው አንተ ነህ፤ አንተ ደግሞ ባሕር ላይ ነህ። የልጅህ ውሃ ላንተው መቀመጫ ሲል ቆመ። ያቆምኩትም እኔው ነኝ። ቶካታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የራስሽ ቤተሰብ መቀመጫ አይደል እንዴ? ከዚሁ አብሪውና እንገላገል፤ ማን ያያል?» አለኝ። እችል ነበር፤ አንድ ቁልፍ ነው። ጣቴንም አሳርፌበት ነበር። ግን አንተ ያልተናገርከውን ተናግሯል ብዬ፣ ያውም የመንደሩ ቃል ነው ብዬ ልላከው? እጄ እምቢ አለኝ። ኃላፊዋ ሰዓታቸውን አዩ።

ከዚያ በድምፅ ማጉያው የምንጣፍ መንኮሻኮሽ ሰማን፤ ከሴቶቹ ቦታ ሰው ተነሥቶ ወደ ፊት እየመጣ ነው። ቀጥሎ የእማዬ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። «እኔ የካውሬ እናት ነኝ። ካውሬ መርከብ ላይ ነው፤ አባቱ አፈር ውስጥ ነው። ውሃ የምቀዳው ግን እኔ ነኝ። የታመመች የልጅ ልጄን ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ታዲያ መቀመጫው ባዶ ነው ተብሎ ልጅቷ ትሙት? ፓምፑ ቆሟል፤ ውሃ የለንም። ጨርሻለሁ» አለች። ድምፅዋ በዚያን ቀን ትንሽም አልተንቀጠቀጠም።

ወዲያ ማዶ ጉምጉምታ ተነሣ። አንዱ «ኧረ ሴት ከመቀመጫ ላይ መናገር ከመቼ ወዲህ ነው?» ሲል ይሰማል። አባባ ባኮዋ ግን ቀበል አድርገው «ተናግራ ጨርሳለች እኮ! ማን ሊያስነሣት ነው? በል አንተ ሞክራት!» አሉት። የመንደሩም የአዳራሹም ሳቅ አንድ ላይ ሆነ። «ናካኡ፣ አብራው ልጄ» አሉ። በራ። መልእክቱ ሄደ። እዚያው ሁሉም ፊት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ፤ ምን አሳፍሮኝ።

አንደኛ አልወጣንም። እሱን የወሰዱት የጀልባ መነሻ ሰዓት የሚናገር የሠሩ ልጆች ናቸው፤ ይገባቸዋል፣ ብቻ ቶካታ እስካሁን አኩርፏል። የውሃ ቢሮዋ ኃላፊ ግን መነጽራቸውን አውልቀው «ያቺን የመጨረሻዋን ሴትዮ አገናኙኝ» አሉ። ከእማዬ ጋር ስለ ፓምፑ ብዙ ተነጋገሩ። የጥገና ሰዎች በቀጣዩ ጀልባ ሄዱ። ትናንት እማዬ ስትነግረኝ፣ ፓምፑ እንደ ሽማግሌ ሳለና ሳለና ውሃውን ለቀቀው። ቴቦራ ሆዷ እስኪነፋ ጠጥታ የተረፈውን ራሷ ላይ ደፋችው አሉ። ኃላፊዋ የኛንም ሥራ አባያንግ ላይ እንሞክረዋለን ብለውናል፤ ስህተቴን ካረምኩ።

ማረሚያውን የምጠይቀው አንተን ነው። አሁን ከአገር የራቀ ሰው የሚናገርለትን በራሱ ድምፅ እንዲሰይም አድርገነዋል። ሽማግሌዎቹም የካውሬ ቃል እስኪመጣ እናቱ ትናገር ብለዋል። እንግዲህ ወደብ እንደደረሳችሁ ድምፅህን ላክልኝ። ቅር ካለህም ሳትደብቅ ንገረኝ፤ መቀመጫው ያንተ ነው። እማዬ ግን እንዳትለምኚው፣ በደስታው ይስጠኝ ብላኛለች፤ ስለዚህ እየለመንኩህ አይደለም።

ሩታ በጣም ናፍቀኸኛል ትልሃለች፤ ቃል የገባህላትን ሽቶ አልረሳችም። ቴቦራ ሁለት ጥርሷ ወልቆ ስታወራ ታፏጫለች፤ ሰላም ትልሃለች። አባባ ባኮዋ ከነትንባሆአቸው፣ ናካኡም ከነቤተሰቡ ሰላም ይሉሃል። ቶካታም ሳያውቅህ ሰላም ብሎሃል።

እማዬ ደግሞ እንዲህ በይልኝ አለች፦ ማኔአባ ስገባ የመቀመጫችን ምንጣፍ ጠርዝ ላይ ነው የምቀመጠው፤ መሀሉን ለሱ ትቼዋለሁ።

እህትህ አሮይታ
ቢኬኒቤው፣ ደቡብ ታራዋ
ኦገስት 18 ቀን 2024