ስም የሌለው ሽሮ

ሰኞ

ባልዲዬ ተመልሶ መጣ፤ ሽሮው ሳይነካ። እትዬ ጽጌ ራሳቸው በደህናው እጃቸው አንጠልጥለው በሬ ላይ አስቀመጡት። "ክዳንሽን አውቀዋለሁ። የተሰበረው እጄ ነው፣ እኔ አልተሰበርኩም" ብለውኝ ሄዱ።

ጎህ ሳይቀድ ደጃቸው አድርጌ፣ ማንም አላየኝም ብዬ ኮርቼ ነበር። ለካ በዚህ ግቢ የሰው ፊት ቢሰወር ዕቃው አይሰወርም። ጎረቤቴ ከፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጥልፍ እየጠለፉ ነው የሚኖሩት። እጃቸው ጄሶ ውስጥ ሆኖ ምን ሊበሉ ነው? ውለታ እንደሆነ ይፈራሉ።

ማክሰኞ

ልጄ መክሊት ለሥልጠናዋ የምታቀርበውን ጽሑፍ ላድምጥልሽ አልኳት። ኢንተርኔት ላይ ስላሉት ምስጢር ጠባቂ ገንዘቦች ነው፤ የትኛው ነው ከልቡ የሚደብቅ የሚል። አይገባኝም ብዬ ተቀመጥኩ። ገባኝ።

ቢትኮይን ስም አይጽፍም፤ ከየት ወደ የት እንደሄደ ግን መዝገቡ ለዓለም ክፍት ነው። "የኔ ባልዲ በይዋ" አልኳት። ዳሽ የሚባለው ደግሞ ከፈለግሽ ገንዘብሽን ከሰው ገንዘብ ጋር ያቀላቅልልሻል፤ ካልፈለግሽ ያው ክፍት ነው። ዚካሽ ሽፋኑ ጠንካራ ነው፣ ግን በፈቃድ ስለሆነ ሳይሸፈን የሚልክ ብዙ ነው። በጠራራ ፀሐይ አንድ ሰው ብቻ ተከናንቦ ቢያልፍ ዞሮ የማያይ አለ? ሞኔሮ ግን ሁሉንም ያከናንባል። ላኪው ከሌሎች መሃል ይገባል፣ ተቀባዩ አይታይም፣ መጠኑም አይታይም።

"በቃ፣ እሱ አሸነፈ" አልኩ።

"ፍጹም የሚባል የለም እማዬ። የትኛውም ቢሆን ባለቤቱ ካወራ አበቃ" አለችና አየችኝ። እኔን ምን ታየኛለች?

ረቡዕ

ወጥ ሳማስል መጣልኝ። ጥፋቴ ብቻዬን መከናነቤ ነው።

ወደ ረሂማ ሱቅ በረርኩ። የግቢው ሰው ሁሉ አተሩን ቆልቶ ያምጣ፣ አንድ ላይ ይፈጭ፣ ለየቤቱ በአንድ ዓይነት ከረጢት ይድረስ አልኳት። ለእትዬ ጽጌ መጨመር የፈለገ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ካርቶን ውስጥ ይጣል፤ አንቺም ዞር በይ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ስለላ ገባሽ እንዴ?" አለችኝ። ግን ወደደችው። እትዬ ጽጌንም እንደ ሌላው ሰው ጠየቀቻቸው። አንድ ጣሳ አተር ሰጡ። እሳቸውም ሰጪ ሆኑ ማለት ነው።

ሐሙስ

ካርቶኑ ሞላ። ዘይት፣ ምስር፣ መኮሮኒ፣ አንድ ሰው ሳሙና ሳይቀር። ማን ምን እንደጣለ አላውቅም። የራሴን አውቃለሁ፤ እዚህም አልጽፈውም።

ወፍጮ ቤት ኮሰረት ልጨምር ስል ረሂማ እጄን ያዘች። ኮሰረት የማበዛው እኔ ብቻ ነኝ። እንደ ባልዲው የሚያሳብቅ ሌላ ክዳን ልገጥም ነበር።

አርብ

በየበሩ ነጭ ከረጢት፣ ቋጠሮው አንድ ዓይነት። የካርቶኑ ዕቃ የተጨመረበት የእትዬ ጽጌ ብቻ ይከብዳል፤ የጎረቤቱን እያነሳ የሚመዝን ደግሞ የለም። በራቸውን ከፍተው ግራ ቀኝ አዩ። ሁሉም በር ላይ አለ። አስገቡት። ሁሉንም በመጋረጃ ቀዳዳ አየሁ።

ቅዳሜ

ምላሴ በላኝ። ከሳሪስ ስመለስ ለማላውቀው የባጃጅ ሾፌር ልነግረው ጀምሬ ስለ ዝናብ አደረግኩት። መክሊት ጽሑፏን አቀረበች። የባልዲውን ታሪክ ስትነግራቸው ሁሉም ሳቁ፣ ሁሉም ገባቸው። "ስም ጠራሽ?" ብላት "እማዬ፣ ያንቺ ልጅ ነኝ እንጂ አንቺን አይደለሁም" አለችኝ። ባለጌ።

እሑድ

ጠዋት ቧንቧው ጋ እትዬ ጽጌ ቀጥ ብለው ወደኔ መጡ። አውቀው አንገታቸውን ደፍተው ቢያመሰግኑኝ፣ ከዚያ ወዲያ ጉርብትናችን የድሮው አይሆንም።

"ጀሪካንሽን አንሺ፤ ወረፋው የአባትሽ ርስት ነው?" አሉኝ። "ደግሞ ያ የጋራ ሽሮ ደህና ነበር፣ ያረረ አተር የቀላቀለበት ሰው ባይኖር። ያንቺ ይመስለኛል።"

"ይቅርታ እትዬ" ብዬ አነሳሁ። እስከ ቤቴ ጥርሴ አልተከደነም። ውለታ ያለበት ሰው እንዲህ አድርጎ አይቆጣም።

አሁን የቀረው የኔ አፍ ነው። ነገ ፀጉር ቤት ልሄድ ነበር፤ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዝም ያልኩበት ቀን የለም። አልሄድም፤ ፀጉሬን በሻሽ ሸፍኜ እቆያለሁ።